ልጆቹ ይሣሉ እንጂ አይገልብጡ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ትምህርት የምታወጡትን ጽሑፍ አንድም ሳላስቀር አነባለሁ። ስለ ሒሳብ፣ ስለ ንባብ፣ ስለ ፈተና ብዙ ተብሏል፤ መባልም አለበት። ስለ ሥዕል ክፍለ ጊዜ ግን ትንፍሽ የሚል አላየሁም። ስለዚህ እኔው ልጻፍ ብዬ ተነሣሁ። የአንደኛ ደረጃ የሥዕል መምህር ነኝ። የምጽፈውም በየቀኑ ክፍል ውስጥ ከማየው ተነስቼ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ቤት ይሥላል። ሦስት ማዕዘን ጣሪያ፣ አንድ በር፣ ሁለት መስኮት፣ ከጎኑ ዛፍ፣ ከላይ ፀሐይ ከነጨረሯ። ከዚያ "እንደዚህ አድርጋችሁ ሣሉ" ይላል። ክፍሉ በሙሉ አንገቱን ደፍቶ ይገለብጣል። ደወል ሲደወል ደብተር ይሰበሰባል፣ መምህሩም ሰሌዳው ላይ ካለው ጋር እያስተያየ ማርክ ይሰጣል። በጣም የተመሳሰለው አሥር ከአሥር ያገኛል። መስኮቱን ክብ ያደረገችው ልጅ፣ በሩ ላይ የቆመ ሰው የጨመረው ልጅ ደግሞ ማርክ ይቀነስባቸዋል። ያልታዘዙትን ሠርተዋላ።

ይሄ የእጅ ጽሕፈት ልምምድ ሊባል ይችላል። የሥዕል ትምህርት ግን አይደለም። ልጁ ቤት አላየም፣ ስለ ቤት አላሰበም፣ ምን ልሥል ብሎ አልመረጠም። ያደረገው ነገር ቢኖር የሌላ ሰውን መስመር መከተል ነው። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ የሥዕል ክፍለ ጊዜ ልጅ በገዛ ዓይኑ አይቶ፣ በገዛ ራሱ ወስኖ፣ በገዛ እጁ የሚሠራበት ሰዓት ይሁን። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደምናገር ለመረዳት የልጅ ሥዕል እንዴት እንደሚያድግ ማወቅ ያስፈልጋል። ልጅ እርሳስ ጨብጦ መሞነጫጨር የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ነው። ለእኛ ሙንጭርጭር ነው። ለእሱ ግን እጁ በሄደበት ሁሉ ምልክት ትቶ እንደሚያልፍ ማወቁ ትልቅ ግኝት ነው። ሦስት ዓመት ገደማ ላይ መስመሩ ዞሮ ከመነሻው ጋር ይገጥማል፤ ክብ ይወጣል። ክቡ ውስጥ ሁለት ነጥብ ይገባል፤ ዓይን። ከክቡ ሥር ሁለት ረጃጅም መስመሮች ይወርዳሉ፤ እግር። ሆድ የለም፣ አንገት የለም፣ እጅ ካለም ከጉንጭ አካባቢ ይወጣል። እናቱን እንዲህ አድርጎ የሣለ ልጅ እናቱ ሆድ እንዳላት ጠፍቶት አይደለም። "ሆድህ የት ነው?" ብትሉት ወዲያው ይነካላችኋል። ለእሱ ሰው ማለት የሚያየው ፊትና የሚሄደው እግር ስለሆነ እነሱን ካስቀመጠ ሰውዬው ተሟልቶለታል።

ሮዳ ኬሎግ የምትባል አሜሪካዊት የሕፃናት ትምህርት ባለሙያ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ የልጆች ሥዕሎችን ሰብስባ ነበር። ያየችውም ሙንጭርጭሩ የራሱ ቅርጽና ሥርዓት እንዳለው፣ ከእሱም ክብ፣ ከክብ ፀሐይ፣ ከፀሐይ ሰው እየሆነ እንደሚሄድ ነው። ማንም አላስተማራቸውም። አፉን የሚፈታ ሕፃን ቃል ሲያኮላትፍ እንደማንቆጣው ሁሉ እዚህም ላይ እርማት አያስፈልግም።

ትምህርት ቤት የሚገቡት ደግሞ ሌላ አስደናቂ ደረጃ ላይ ሲደርሱ ነው። ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት ያሉ ልጆች የሚሥሉትን ልብ ብላችሁ እዩ። ከወረቀቱ ግርጌ አንድ መስመር ይሰመራል፤ መሬት ነው። ሰውም ቤትም ዛፍም እዚያ መስመር ላይ ይደረደራል። ከላይ ደግሞ ቀጭን ሰማያዊ ጥብጣብ አለ፤ ሰማይ ነው። መሃሉ ነጭ ነው። ስንት ጊዜ ነው መምህር መጥቶ "ሰማይ እኮ እስከ መሬት ይደርሳል፣ ሙላው" ሲል የሰማሁት! ለልጁ ግን ሰማይ ላይ ነው፣ መሬት ታች ነው፣ መሃሉ እኛ የምንኖርበት አየር ነው። ልክ ነው እኮ። ቀና ሲል ሰማይን ያያል፣ ሲያጎነብስ መሬትን ያያል። ያንን ነው የጻፈላችሁ።

ግድግዳ እንደሌለ ሁሉ የቤቱ ውስጥ ይታያል። አልጋው፣ ጠረጴዛው፣ አልጋ ላይ የተኛችው እህቱ። ጠረጴዛውን ከላይ እንደታየ አድርጎ አራት ማዕዘን ይሥልና እግሮቹን በአራቱም አቅጣጫ ይዘረጋቸዋል፤ አራት እግር እንዳለው ያውቃላ። ኳስ የሚወረውር ልጅ ከሆነ የሚወረውርበት እጅ ከሌላኛው እጥፍ ይረዝማል። ሥራ ያለው እዚያ እጅ ላይ ነው። ጣሪያው ላይ ያለውን የጭስ መውጫ ደግሞ ወደ ሰማይ ቀጥ አያደርገውም፤ ከተዳፋቱ ጣሪያ ጋር ቀጥ አድርጎ ስለሚተክለው ወደ ጎን ያጋደለ ይመስላል። ይሄንን የልጆችን አስተሳሰብ ያጠኑት ዣን ፒያዤና ባልደረባው ቤርቤል ኢንሄልደርም አስተውለውታል። ልጁ ቀጥ ማለትን የሚለካው በአቅራቢያው ካለው መስመር ነው፣ ማለትም ከጣሪያው። በዕድሜ ከፍ ሲል ከመሬት ጋር ማስተያየት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ጭስ መውጫው ራሱ ይቃናል።

ጆርጅ ሄንሪ ሉኬ የሚባለው ፈረንሳዊ ምሁር ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ይህን ሁሉ ሲያጠና የደረሰበት ነገር ቀላል ነው። ትንሽ ልጅ የሚሥለው የሚያውቀውን ነው። በኋላ ከፍ ሲል ነው የሚያየውን ወደ መሣል የሚሄደው። በ1972 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) እንግሊዝ ውስጥ ሁለት ተመራማሪዎች ይህን በአንድ ስኒ ፈትነውታል። ስኒውን ጆሮው እንዳይታይ አዙረው ልጆች ፊት አስቀመጡት። ፊት ለፊት የሚታየው በስኒው ላይ ያለ የአበባ ምስል ነበር። ትንንሾቹ ልጆች የማይታየውን ጆሮ ሣሉ፣ የሚታየውን አበባ ተዉት። ከስምንት ዓመት ገደማ በላይ ያሉት ደግሞ ተገላቢጦሹን አደረጉ። ለትንሹ ልጅ ስኒ ያለ ጆሮ ስኒ አይደለም፤ አበባው ግን ቢኖርም ባይኖርም ስኒነቱን አይነካውም። ይሄን የሚያስብ ልጅ "አልቻለም" ሊባል ነው?

እንግዲህ እዚህ ዕድሜ ላይ ያለ ልጅ ሰሌዳ ላይ ያለውን ቤት ገልብጥ ሲባል ምን እንደሚሆን አስቡት። የራሱን ቤት፣ ግድግዳው የሚታይበትን፣ እህቱ የተኛችበትን ቤት ትቶ የማያውቀውን ቤት ይሥላል። ሁለት ዓመት እንዲህ ከሄደ የራሱ ሥዕል ይጠፋበታል። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው "የፈለግከውን ሣል" ብትሉት ምን እንደሚሥል ታውቃላችሁ? ያንኑ ቤት። ሦስት ማዕዘን ጣሪያ፣ ሁለት መስኮት፣ ከላይ ፀሐይ። አዲስ ክፍል በተረከብኩ ቁጥር የሚገጥመኝ ይሄ ነው፤ ከልብ ያሳዝነኛል።

በሌላ በኩል ደግሞ "ልጆቹን ተዋቸው፣ እንደፈለጉ ይሥሉ፣ አትንካቸው" የሚሉ አሉ። ሐሳቡ ክቡር ነው፤ ታሪክም አለው። ፍራንዝ ቺዜክ የሚባል የኦስትሪያ ሠዓሊ በ1897 ቪየና ላይ የልጆች የሥዕል ክፍል ሲከፍት የዘመኑን የግልበጣ ትምህርት በመቃወም ነበር። በዚያ ዘመን ልጆች መስመርና ቅርጽ ሲቀዱ ነበር የሚውሉት። እሱ ግን ልጅ የራሱ የሆነ የሥዕል ቋንቋ አለው ብሎ ያንን አከበረ። ባለውለታችን ነው። ሆኖም ዝም ብሎ መተው ለስድስት ዓመት ልጅ ቢሠራም ለአሥር ዓመት ልጅ አይሠራም።

ምክንያቱም ዘጠኝ፣ አሥር ዓመት ላይ ነገር ይለወጣል። ልጁ የራሱን ሥዕል በሌላ ዓይን ማየት ይጀምራል። የሥነ ጥበብ ትምህርት ምሁሩ ቪክቶር ሎወንፌልድ የልጆችን የሥዕል እድገት በደረጃ ሲከፋፍል ይህን ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ያለውን ጊዜ ለብቻው ለይቶ አስቀምጦታል፤ ልጁ እውነተኛውን ዓለም እንደሚታይ አድርጎ መሣል የሚመኝበት ጊዜ ነው። ምኞቱ አለ፣ እጁ ግን አልደረሰበትም። ሥዕሉን በክንዱ ይሸፍናል። ላጲሱ ወረቀቱን እስኪበሳው ድረስ ያጠፋል። በመጨረሻም "እኔ ሥዕል አልችልም" ይላል። ይቺን ዓረፍተ ነገር ብዙ ሰው እስከ ሽምግልናው ይዟት ይኖራል። አዋቂ ሰው "እስቲ ሰው ሣልልኝ" ቢባል የሚሥለው የአሥር ዓመት ልጅ ሥዕል ነው። እዚያ ላይ ቆሟልና።

እዚህ ጋ ነው መምህር የሚያስፈልገው። ልጁ ጥያቄ አለው፤ መልስ ይፈልጋል። መልሱ ግን "እንደ እኔ ሣል" አይደለም። መልሱ "እንዴት እንደምናይ ላሳይህ" ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ልጆች ፊት ሲሥሉ ዓይንን ግንባር ላይ ነው የሚሰቅሉት። ሁሉም ማለት ይቻላል። ፊት ማለት ለእነሱ ዓይን፣ አፍንጫና አፍ ስለሆነ ከላይ ለሌላው ቦታ አይተዉም። "ዓይኑን ዝቅ አድርግ" ብዬ አላርምም። ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት እንዲቀመጡ አደርጋለሁ። እርሳሱን ይዘው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው፣ ከጓደኛቸው አናት እስከ ዓይኑ፣ ከዓይኑ እስከ አገጩ እንዲለኩ እነግራቸዋለሁ። ይለካሉ። ይጠራጠራሉ። እንደገና ይለካሉ። ከዚያ ክፍሉ በጫጫታ ይሞላል፤ "እኩል ነው! መሃል ላይ ነው!" እውነት ነው፣ የሰው ዓይን ከአናትና ከአገጭ መካከል ግማሽ ላይ ነው የሚገኘው። ዕድሜ ልካቸውን ሲያዩት የኖሩትን ፊት ያን ቀን አዩት። ሰሌዳ ላይ ሥዬ ባሳያቸው ኖሮ ይገለብጡና በሚቀጥለው ሳምንት ዓይኑ ተመልሶ ግንባር ላይ ይወጣ ነበር።

ሌላው ጫማ ነው። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ጫማውን አውልቆ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል። ሕጉ አንድ ነው፤ እርሳሱ የሚሄደው ዓይን በሚሄድበት ፍጥነት ነው፣ በቀስታ፣ ላጲስ ሳይነካ። መጀመሪያ ይሥቃሉ። ትንሽ ቆይቶ ጸጥ ይላሉ። የማሰሪያው ክር የትኛው ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ በየት እንደሚወጣ፣ ሶሉ አንድ ወገን ብቻ እንደተበላ፣ ጫፉ እንደተላጠ ያያሉ። ከዚያ ክፍል ሁለት አንድ ዓይነት ጫማ ወጥቶ አያውቅም። በጣም ያረጀ ጫማ ያለው ልጅ ደግሞ ብዙ የሚሥለው ነገር ስላለው ሥዕሉ ከሁሉም ያማረ ይሆናል። ይሄ ለዚያ ልጅ ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

ቀለምም እንዲሁ ነው። ብዙ ጊዜ ለልጅ አሥራ ሁለት ዓይነት ቀለም ይሰጠውና የዛፍ ቅጠል አረንጓዴ፣ ግንዱ ቡናማ፣ ሰማዩ ሰማያዊ ብሎ ይጨርሳል። እኔ የውኃ ቀለም ሲኖረኝ ሦስት ብቻ ነው የምሰጠው፤ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ። "አረንጓዴ የለም?" ይላሉ። "አውጡት" እላለሁ። ሰማያዊውን ብዙ አድርገው ቢጫውን ጠብ ሲያደርጉ ምንም አይለወጥም። ቢጫውን አስቀድመው ሰማያዊውን በብሩሽ ጫፍ ሲነኩት ግን ወዲያው ይለወጣል። ጠቆር ያለው ቀለም ፈካ ያለውን ቶሎ እንደሚውጠው በእጃቸው ይማራሉ። ከዚያ የእሱ አረንጓዴ ከእሷ አረንጓዴ እንደሚለይ ያያሉ፤ መስኮት ላይ ሄደው ቅጠል እያዩ የትኛው እንደሚቀርብ ይከራከራሉ። አንድ ቀን ጥቁር ስጨምርላቸው አንዷ ቢጫውን ላጥቁረው ብላ ጥቁር ነካ አደረገችበት፤ የወጣላት ግን የወይራ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ ነው። ጓደኞቿ ሁሉ ተሰብስበው አዩላት። በዚያ ቀን መምህሯ እሷ ነበረች።

ስለ ማቅለሚያ ደብተር ትንሽ ልበል። የተዘጋጀ ቅርጽ ታትሞ ልጁ ውስጡን ቀለም የሚሞላበት ማለቴ ነው። ወላጅ ይወደዋል፤ ልጁን ዝም ያሰኛል። ሎወንፌልድ አጥብቆ ይቃወመው ነበር። እኔ ቤት ውስጥ አልፎ አልፎ ቢሠራበት ነፍስ አያጠፋም ባይ ነኝ። ክፍል ውስጥ የሥዕል ትምህርት ተብሎ ሲመጣ ግን አልስማማም። ወፉን የሣለው ሌላ ሰው ነው። ልጁ የሚማረው ከመስመር አለመውጣትን ብቻ ነው፣ ደግሞም የእኔ ወፍ እንደዚህ አታምርም ብሎ ማሰብን።

አሁን ወደ ማርክ ልምጣ። ማርክ መስጠት ግዴታ ከሆነ የልጁን ሥዕል ከጓደኛው ሥዕል ጋር አናስተያይ፣ ከራሱ ያለፈ ሥዕል ጋር እንጂ። የእያንዳንዱን ልጅ ሥራ ቀን እየጻፍን በአንድ ካርቶን ፎልደር ብናስቀምጥ በዓመቱ መጨረሻ ላይ እድገቱ ፊት ለፊት ይታያል። ወላጅም ሲመጣ ካርድ ላይ ካለ ቁጥር ይልቅ ያንን ቢያይ ይሻለዋል። ልጁም ያየዋል፤ "ይሄን እኔ ነኝ የሣልኩት?" እያለ ይገረማል። ታዲያ ከዚህ የበለጠ ምን ማርክ አለ?

የምንናገረውም ነገር ያስፈልገዋል ጥንቃቄ። "ምንድን ነው ይሄ?" አይባልም። ልጁ ፈረስ ሥሎ "ምንድን ነው?" ከተባለ ፈረስ እንዳልመሰለ ተነገረው ማለት ነው። "ጎበዝ፣ ያምራል" ብሎ ማለፍም ብዙ አይጠቅምም፤ ሳናየው እንዳለፍን ልጁ ያውቃል። "እስቲ ስለ ሥዕልህ ንገረኝ" ማለት ይሻላል። ወይም ያየነውን መናገር፤ "እዚህ ጋ ሰማያዊውን በቀዩ ላይ ደርበኸዋል፣ ምን አስበህ ነው?" ከዚያ መስማት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ በልጁ ወረቀት ላይ በራሳችን እጅ አንሥልበት። ማሳየት ካስፈለገ ሌላ ወረቀት አለ። የእሱ ወረቀት የእሱ ነው።

ክርክር ሲነሳ ሁሌም የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ፤ "ሥዕል ምን ይጠቅማል?" የሥዕል ወዳጆች ደግሞ ቶሎ ብለው "ሒሳብ ያጎብዛል፣ ንባብ ያሻሽላል" ይላሉ። እኔ ይህን መልስ አልወደውም። ኤለን ዊነርና ሎይስ ሄትላንድ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ2000 ብዙ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ የሥዕል ትምህርት በራሱ የሒሳብና የንባብ ውጤትን ከፍ እንደሚያደርግ የሚያረጋግጥ ነገር አላገኙም። ሁለቱም ለሥነ ጥበብ የቆሙ ሰዎች ናቸው፤ ግን እውነቱን ተናገሩ። ሥዕልን የሒሳብ አጋዥ አድርገን ከተሟገትንለት ሒሳብ በሌላ መንገድ የሚሻሻል በተገኘ ማግስት ሥዕል ይባረራል። እነዚሁ ሰዎች ቆይተው የሥዕል ክፍሎች ውስጥ ገብተው ምን እንደሚሠራ ተመለከቱ። ያዩትም ልጆቹ ልብ ብሎ ማየትን፣ በዓይነ ሕሊና መሣልን፣ ቶሎ እጅ አለመስጠትን፣ የራስን ሥራ መገምገምን፣ ሞክሮ ሲበላሽ ከዚያ መቀጠልን ሲማሩ ነው። ይሄ በራሱ በቂ ነው። ለሌላ ትምህርት ጥገኛ መሆን የለበትም።

ይህን ስል ግን ሥዕል በሌላው ክፍለ ጊዜ አይግባ ማለቴ አይደለም። ይግባ እንጂ! ካናዳ ውስጥ ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ2016 በታተመ ጥናት ተማሪዎች አንድን ቃል ደጋግመው ከሚጽፉ ይልቅ ነገሩን ቢሥሉት የበለጠ እንደሚያስታውሱት ታይቷል። ሥዕሉ ማማር አላስፈለገውም፤ ሰኮንዶች በቂ ነበሩ። የተጠኑት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቢሆኑም የሳይንስ መምህራን ባልደረቦቼ ልጆቹ የዘር አበቃቀልን በየቀኑ እያዩ እንዲሥሉ ሲያደርጉ የማየው ውጤት ከዚህ ጋር ይሄዳል። ሥሩ ከግንዱ ቀድሞ እንደሚወጣ ከመጽሐፍ ያነበበ ይረሳዋል፤ አይቶ የሣለ አይረሳውም።

ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃልን ላንሳ። ስፔናዊ ነው። ልጅ ሳለ ሠዓሊ መሆን ነበር የሚመኘው፣ ሐኪም አባቱ ግን አልፈቀደለትም። ሐኪም ሆነ። መሣሉን ግን አልተወም። በማይክሮስኮፕ ያያቸውን የአንጎል ሕዋሳት በእጁ እየሣለ እያንዳንዱ ሕዋስ ራሱን የቻለ መሆኑን አሳየ፤ በ1906 የሕክምና የኖቤል ሽልማት ካገኙት ሁለት ሰዎች አንዱ ነው። ሥዕሎቹ ዛሬም በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ አሉ። ሁሉም ልጅ እንደ እሱ ይሆናል ለማለት አይደለም። ማየትና ማወቅ ምን ያህል የተያያዙ እንደሆኑ ግን ከእሱ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም።

"ዕቃ የለንም" የሚባለው ነገር ደግሞ ግማሹ እውነት ነው። ቀለምና ብሩሽ ይወደዳል። ለማየት ግን እርሳስና የአንድ ወገን የተጻፈበት ወረቀት ይበቃል። ከሰል ይሣልበታል። ጭቃ ይቀረጽበታል። ካርቶን ይቆረጣል፣ ይለጠፋል፣ ቀለም ተቀብቶ ይታተምበታል። አሮጌ ጋዜጣ ተቀዶ ሥዕል ይሆናል፤ የእናንተም ጋዜጣ ከተነበበ በኋላ እኔ ክፍል ነው የሚያልቀው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለቤት ወይም ለብረት የሚሆን ቀለም ለልጅ አለመስጠት ነው፤ ሊድ የሚባል መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል፣ ሊድ ደግሞ የልጅን አንጎል ይጎዳል።

ሁለት ትንንሽ ነገሮችን እግረ መንገዴን ልጥቀስ፣ ምክንያቱም ብዙ ልጅ በእነሱ ሳቢያ ሳያጠፋ ይቀጣል። አንደኛው፣ ከአሥር ሰው አንዱ ገደማ ግራኝ ነው። ተራው መቀስ የተሠራው ለቀኝ እጅ ነው። ግራኝ ልጅ በዚያ ሲቆርጥ ወረቀቱ ይታጠፍበታል፣ የሚቆርጥበትን መስመርም ስለቱ ይከልልበታል። ሰነፍ ወይም ዝርክርክ ሆኖ አይደለም። ሁለተኛው ቀለም መለየት የሚቸግራቸው ልጆች ናቸው። በብዛት ወንዶች ናቸው፤ በአንዳንድ ሕዝቦች ዘንድ ከ100 ወንዶች እስከ 8 ይደርሳሉ። ቅጠሉን ቡናማ፣ ግንዱን አረንጓዴ የቀባ ልጅ ሲገጥማችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት ቀለሞቹ እንዴት እንደሚታዩት ጠይቁት። ቀለሞቹ ላይ ስማቸውን ብትጽፉለት ችግሩ ግማሹ ይቃለላል።

ለትምህርት ቤት ኃላፊዎችም የምለው አለኝ። አስተምርበት በነበረ አንድ ትምህርት ቤት ፈተና ሲቃረብ መጀመሪያ የሚወሰደው የሥዕል ክፍለ ጊዜ ነበር። ሳምንታት ያለ ሥዕል ያልፋሉ። ከዚያ የባሰው ደግሞ የረበሸ ልጅ "ዛሬ ሥዕል አትገባም" እየተባለ ሲቀጣ ማየቴ ነው። ብዙ ጊዜ ያ ልጅ ከሁሉ ይልቅ ሥዕል የሚያስፈልገው ልጅ ነው፤ በሳምንቱ ውስጥ ቀልቡን ሰብስቦ የሚቀመጥባት ሰዓት ያቺ ብቻ ነበረች። በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 31 ልጅ በባህልና በሥነ ጥበብ ሕይወት በነፃነት የመሳተፍ መብት እንዳለው ይደነግጋል። መብት ደግሞ ጨዋ ለሆነ ልጅ ብቻ የሚሰጥ ሽልማት አይደለም።

ለወላጆችም እንዲሁ። ልጃችሁ ሥዕል ይዞ ሲመጣ ግድግዳ ላይ ቦታ ፈልጉለት። ከታላቁ ጋር አታወዳድሩት። "ከዚህ ይልቅ የቤት ሥራህን ብትሠራ" የሚለውን ተዉት። "እኔም ሥዕል አልችልም፣ በዘራችን የለም" አትበሉት፤ ሥዕል ልብ ብሎ በማየትና በልምምድ የሚመጣ ነገር ነው፣ እሱ ግን የእናንተን ቃል እንደ ፍርድ ይወስደዋል።

በመጨረሻ ለእናንተ ለዝግጅት ክፍሉ አንድ ጥያቄ አለኝ። የልጆች ገጽ ስታወጡ ብዙ ጊዜ ቀለም የሚቀባ ባዶ ቅርጽ ታትሙበታላችሁ። በእሱ ቦታ የልጆችን የራሳቸውን ሥዕል ብታወጡልንስ? ማንም ሳያርመው፣ አዋቂ እጁን ሳያስገባበት። ከሥሩ የልጁ ዕድሜና ስለ ሥዕሉ የተናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። አንደኛ፣ ሁለተኛ ተብሎ ደረጃ አይውጣለት። መምህራንም የሠሩትን ትምህርት በአጭሩ ጽፈው ቢልኩ እርስ በርስ እንማማራለን፤ የጫማውንና የሦስቱን ቀለም ትምህርት ማንም ወስዶ ቢሞክረው ደስታዬ ነው፣ እኔም ከሌሎች የምወስደው አላጣም። ገጹን ለመክፈት ፈቃደኛ ከሆናችሁ ለመጀመሪያው እትም የሚሆኑ ሥዕሎችን ከተማሪዎቼ ሰብስቤ፣ የወላጆቻቸውን ፈቃድ ጠይቄ፣ እልክላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንደኛ ደረጃ የሥዕል መምህር